ቀጭኗ መስመር፦ ከኮረም እስከ ፍራንክሊንተን

አማርኛችን ለቀጭን ሰው ያለው ቃል ከአንድ በላይ ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ ገላው ሰብሰብ ያለውን «መለሎ» እንለዋለን። ሥጋ ሳይበዛበት ጠንከር፣ ቀልጠፍ ያለውን «ሸንቃጣ» እንለዋለን። እነዚህ ሁለቱ ሙገሳ ናቸው። ሕመም ወይም ችግር የጎዳውን ደግሞ «ከሲታ» እንላለን፤ ከዚያ የባሰውን «መንማና»፣ ከዚያም የከፋውን «አጥንቱ የሚቆጠር» እንላለን። እነዚህ ደግሞ ሐዘኔታ ናቸው። ከአሜሪካ የተላከላትን ፎቶግራፍ አገላብጣ ያየች እናት «ልጄ ምነው ከሳብኝ?» ስትል የምትጠይቀው ስለ መልክ አይደለም፤ ምን ደረሰበት ማለቷ ነው።

በካርቱንና በኮሚክ ሥዕል ውስጥ ግን ያለችው አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ሸንቃጣውም ከሲታውም በዚያችው መስመር ይሣላሉ። መስመሯ ራሷ አትናገርም፤ የሚናገርላት ከጎኗ የተጻፈው ስምና ቀልድ ነው። ለመሆኑ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም በአሜሪካ የቀልድ ሥዕል ውስጥ አጥንቱ ከሚቆጠር ልጅ ጋር ተጣብቆ የቀረው እንዴት ነው? ማን አጣበቀው? እንዴትስ ይላቀቃል?

ይህን ጥያቄ እዚህ ኮለምበስ ላይ ሆኖ ማንሳት ተገቢ ነው እንላለን። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማችን የካርቱን ታሪክ በብዛት ተሰብስቦ የተቀመጠባት ከተማ ናት። ሁለተኛ፣ ከሲዮቶ ወንዝ ማዶ ባለችው በፍራንክሊንተን ይኖሩ የነበሩ ድሆች እንደኛው በቀጭን መስመር ተስለው የተሳቀባቸው ሰዎች ነበሩ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሠዓሊው ለምን ያቀጥናል?

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን በቅድሚያ የሙያውን ነገር እንመልከት። ሰውን ከልክ በላይ አቅጥኖ መሣል የተጀመረው በእኛ ላይ አይደለም። ብዙዎቻችን በፖፓይ ካርቱን የምናውቃት ኦሊቭ ኦይል ኢ. ሲ. ሲጋር በተባለው ሠዓሊ እጅ በአሜሪካ ጋዜጣ ላይ የወጣችው በታኅሣሥ 1919 ነው። ፖፓይ ራሱ የመጣው ከእርሷ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1929 ነው። ኦሊቭ ክንዷም እግሯም እንደ ዘንግ ነው፤ ነገር ግን ማንም ተርባ ነው አላለም። ትቆጣለች፣ ታፈቅራለች፣ ትሸሻለች፤ ተመልካችም በእርሷ እየሳቀ ይወዳታል።

በ1920ዎቹ የተሠሩት ተንቀሳቃሽ ካርቱኖች ደግሞ ክንድና እግራቸው መገጣጠሚያ እንደሌለው የጎማ ቱቦ ነበር። ምክንያቱ የሥራ ጉዳይ ነው። ፊልም በአንድ ሴኮንድ ብዙ ምስል ያሳያል፤ በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ በሰው እጅ በወረቀት ላይ ይሣል ነበር። ክርንና ጉልበት፣ ባትና ጡንቻ በየወረቀቱ እንዳይሣል እጅና እግርን ቱቦ ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀር ነበር። በዚያ ላይ ጥሩ የካርቱን ገጸ ባሕርይ በጥላው ብቻ መታወቅ አለበት ይባላል፤ አንዱን እንደ በርሜል፣ ሌላውን እንደ ክር አድርጎ መሣል ይህን ያቀላል።

ስሜትንም በቅጥነት የሚናገሩ አሉ። በ1993 ለሲኒማ የበቃው «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» የተባለው ፊልም ባለ ታሪክ ጃክ ስኬሊንግተን ዐፅም ነው፤ እግሩ እንደ ሸረሪት እግር ረዝሞ ያስፈራል፣ ያሳዝናልም። በ1991 በኤም ቲቪ የታየችው ኢዮን ፍለክስ ደግሞ ገላዋ ከተፈጥሮ ውጭ ቀጥኖና ረዝሞ የተሣለች ተዋጊ ነበረች። ፈጣሪዋ ፒተር ቸንግ በ1918 የሞተውን የኦስትሪያውን ሠዓሊ የኤጎን ሺለን ሥዕሎች ፈለግ ተከትሏል።

የእኛም አገር ሥዕል ማጋነንን ያውቃል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ ጎልተው ይሣላል፤ ኃጢአተኛው በጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ዓይን እንዲህ አይተልቅም ብሎ ሠዓሊውን የከሰሰ የለም፤ ሁሉም ትርጉሙን ያውቀዋልና። እንግዲህ ማጋነን በራሱ የሥዕል ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ሥዕሉ የሚያጋንነው ምንን ነው፣ የሚደብቀውስ ምንን ነው የሚለው ነው።

ካሜራው ኮረም ሲደርስ

የተራበ ሰው ሥዕል በጋዜጣ ላይ ሲወጣም እኛ የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም። በታኅሣሥ 1849 «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ የተጎዳች አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ቆማ የሚያሳይ ሥዕል አትሞ ነበር። የሴትዮዋ ስም ብሪጅት ኦዶኔል ነው። ከቤቷ እንዴት እንደ ተባረረችም አብሮ ተጽፏል። ስሟ ስለ ተጻፈ ከ170 ዓመት በኋላም በስሟ እንጠራታለን። ይህን ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ እኛ እንምጣ። በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ጋር እየተቀያየረ ተቆርጦና ተቀጥሎ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በመስከረም 11 ቀን 1974 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እዚህ ላይ ምስሉ ከምክንያቱ ጋር ቀርቧል፤ የቀረበውም ለሥልጣን ሲባል ነው። ያንን ፊልም ያሳየው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱን ረሃብ ሸሽጎ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ አከበረ።

ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜው ወሎ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከኮረም ያመጡት ዜና ዓለምን አናወጠ። በዚያው ዕለት በአሜሪካም ኤንቢሲ አሳየው። በኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰባሰቡ፣ በጥር 1985 አሜሪካኖቹ ተከተሉ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» ተደረገ። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የእንግሊዞቹ ዘፈን ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ብሎ መጠየቁን ስናስታውስ፣ ክርስትናን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስለምታውቅ አገር እየተዘፈነ መሆኑን ማን ነገራቸው ያሰኛል።

የ77ቱ ረሃብ (በእኛ አቆጣጠር) ዝናብ በመቅረቱ ብቻ የመጣ አልነበረም። በሰሜን ጦርነት ነበር፤ ገበያና መንገድ ተዘግቷል፤ እህል በግዴታ ይሰበሰብ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር አጥኚዎች ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያደርሱታል። ስለ ቀደመውም የወሎ ረሃብ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአገሪቱ እህል ሳይጠፋ ገበሬው የሚገዛበት አቅም እንደ ጠፋ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ የሚጓዝ እህል እንደ ነበር አሳይቷል። ይህ ሁሉ ግን በካሜራ አይታይም። የሚታየው የጎድን አጥንት ነው። ሥዕሉ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ምክንያቱ እዚያው ቀረ።

ሱፐርማን ኢትዮጵያ ሲገባ

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ኮሚክ ሠዓልያንም እጃቸውን አጥፈው አልተቀመጡም። በ1985 ማርቭል ኩባንያ «ሂሮዝ ፎር ሆፕ» የተባለ፣ ኤክስ ሜን የሚሠሩበት ልዩ መጽሔት አወጣ። ሐሳቡን ያመነጩት ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን ነበሩ። ስቲቨን ኪንግን የመሰሉ ስመ ጥር ደራስያን የተወሰኑ ገጾችን ጻፉ። ገቢው ለአፍሪካ ረሃብ እርዳታ እንዲውል ታስቦ ለኦክስፋም አሜሪካ ሲቀርብለት፣ ድርጅቱ የመጽሔቱን ይዘት ስላልወደደው አልቀበልም አለ፤ በኋላ አሜሪካን ፍሬንድስ ሰርቪስ ኮሚቲ ተቀበለው። በ1986 ደግሞ ዲሲ የተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ «ሂሮዝ አጌንስት ሀንገር» በሚል ርዕስ ሱፐርማንንና ባትማንን ኢትዮጵያ ድረስ ላከ።

ሁለቱም መጽሔቶች የተሠሩት በቅን ልቦና ነው። ሠዓልያኑ በነፃ ሠርተዋል። ጀግኖቹም ረሃብን በጡንቻ ማጥፋት እንደማይቻል መናገራቸው እውነተኝነት ነው። ይሁንና በሁለቱም ውስጥ ጀግኖቹ የሚዋጉት በሰው ስቃይ የሚመገብ ክፉ ፍጡር ነው። አውሮፕላን የላከ መንግሥት፣ መንገድ የዘጋ ጦር፣ እህል የሸሸገ ነጋዴ አይደለም። በሌላ አነጋገር፣ አዋቂዎች በቴሌቪዥን ያላገኙትን ምክንያት ልጆች በኮሚክ መጽሔት ሲፈልጉ ያገኙት ጭራቅ ነው።

ከዚህ ደግሞ አንድ ነገር እንማራለን። በኤክስ ሜን መጽሔት ውስጥ ኪንግ የጻፈውና ራይትሰን የሣለው ክፍል ኪቲ ፕራይድ የተባለችውን ጤነኛ አሜሪካዊት ልጅ በረሃብ መንምና ያሳያል። አንባቢው ስሟን ያውቃል፣ ካለፈው ወር ያስታውሳታል፣ ስለዚህ ይደነግጣል። በመጠለያው ያሉት ኢትዮጵያውያን ግን እንደዚያ አይታወቁም፤ ብዙ ናቸው፣ ከጀርባ ናቸው። የቀጭን መስመር ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ስም ሲኖረው ያስለቅሳል፤ ስም ሲያጣ የግድግዳ ሥዕል ይሆናል። የግድግዳ ሥዕል ደግሞ ለቀልድ ቅርብ ነው።

ከእርዳታ ወደ ቀልድ

ቀልዱም አልዘገየም። የዘፈኑ ካሴት ገና ከሱቅ ሳይወርድ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «የኢትዮጵያዊ ቀልድ» የሚባል ነገር ተስፋፋ። በእነዚያ ዓመታት ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ አገር የመጡ ወላጆች ይህን ያስታውሱታል። ልጁ ምሳውን ይዞ ሲቀመጥ «አንተም ትበላለህ እንዴ?» ይባላል። ከሱዳን መጠለያ ያመለጠውም፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣውም፣ እዚሁ የተወለደውም እኩል ይሰማዋል። ብዙዎቹ ወደ ቤት መጥተው አልተናገሩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነው ነው የሚናገሩት።

ይህ የአፍ ቀልድ ሥዕል ሆኖ የወጣው ኅዳር 19 ቀን 1997 ነው። ኮሜዲ ሴንትራል በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚታየው ሳውዝ ፓርክ የተሰኘው ካርቱን «ስታርቪን ማርቪን» የሚል ክፍል አሳየ፤ «የተራበው ማርቪን» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ልጆቹ አንድ የእጅ ሰዓት በስጦታ ለማግኘት ሲሉ በአፍሪካ ያለ ሕፃን እንረዳለን ብለው ገንዘብ ይልካሉ፤ በሰዓቱ ፋንታ በስሕተት ኢትዮጵያዊው ሕፃን ራሱ ይላክላቸዋል። ስሙን አይጠይቁትም፤ ቤት መምቻ ስም ያወጡለታል። በዚያ ካርቱን ውስጥ ልጆች ሁሉ እንደ ኳስ ክብ ናቸው። ማርቪን ብቻ ቀጭን ነው።

ለፍትሕ ስንል የሠሪዎቹንም ሐሳብ እንናገር። ቀልዱ ያነጣጠረው በአሜሪካኖች ላይ ነበር፤ በምስጋና ቀን ከልክ በላይ መብላታቸው፣ ለእርዳታ እየለመኑ ራሳቸው መጥገባቸው፣ ችግረኛን እንደ ዕቃ ማዘዛቸው ተተችቷል። ማርቪን ከሁሉም የተሻለ ልብ ያለው ሆኖ ቀርቧል። ነገር ግን ጠዋት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተደገመው ትችቱ አልነበረም። የተደገመው ስሙ ነው። ቤት ይመታል፣ አጭር ነው፣ ለማንኛውም ጥቁር ቀጭን ልጅ ይለጠፋል። በኅዳር 1999 ሁለተኛ ክፍል ተሠርቶ ማርቪን ወደ ጠፈር ሲላክ ስሙ ይበልጥ ተስፋፋ።

ከሁሉ የሚገርመው ቋንቋው ነው። ማርቪንና ወገኖቹ የሚነጋገሩት ምላስን በማጨብጨብ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በደቡባዊ አፍሪካና በታንዛኒያ ባሉ አንዳንድ ቋንቋዎች ይገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚነገሩት ከ80 በላይ ቋንቋዎች ግን በአንዱም የለም። የራሷ ፊደል ያላት አገር ልጅ ፊደልም ቃልም ተነፍጎት ቀረበ። ገላውን ካቀጠኑት በኋላ ምላሱንም አቀጠኑት ማለት ይቻላል።

ዘመኑንም እናስተውል። 1997 ከኮረም 13 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ክፍል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ እዚሁ አሜሪካ ምድር ላይ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝቷል። ፋጡማ ሮባ ማራቶንን በማሸነፍ ለአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው። ሸንቃጣ ማለት እነርሱ ናቸው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀጭኑን ኢትዮጵያዊ በድል አድራጊነት አይቶት ነበር። ካርቱኑ ሲሣል የተመረጠው ግን የአሥራ ሦስት ዓመቱ የድሮ ምስል ነው። ምስል ልማድ ከሆነ ዜና አይሽረውም።

የፍራንክሊንተን ጎረቤቶቻችን

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ፍራንክሊንተን ከኮለምበስ ራሷ ትቀድማለች፤ ሉካስ ሱሊቫንት የተባለው ቀያሽ በ1797 መሠረታት። በረባዳ ስፍራ ላይ ስለሆነች ጎርፍ አይለያትም ነበር። በመጋቢት 1913 የደረሰው ታላቅ ጎርፍ በከተማው ከ90 በላይ ሰው ሲገድል ብዙው ጉዳት የደረሰው እዚያ ነው። የጎርፍ መከላከያው ግንብ ተሠርቶ ያለቀው በ2004 ነው። ሰዎች ሰፈሩን «ዘ ቦተምስ» ይሉታል፤ ታችኛው ሰፈር እንደ ማለት ነው፤ ሲጠራም ንቀት አይጠፋውም ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚያ ከሰፈሩት መካከል ብዙዎቹ ከአፓላቺያ ተራራዎች፣ ከዌስት ቨርጂኒያ፣ ከኬንታኪና ከደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ፣ የድንጋይ ከሰል ሥራ ሲቀዘቅዝ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ የመጡ ነጮች ነበሩ። ስደተኞች ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም። አነጋገራቸው ይቀለድበት ነበር። ገላቸውም እንዲሁ። ከ1934 ጀምሮ ፖል ዌብ የተባለው ሠዓሊ «ኤስኳየር» በተሰኘው መጽሔት ላይ «ዘ ማውንቴን ቦይስ» የሚል ካርቱን ያወጣ ነበር። የተራራው ሰዎች እንደ እንጨት የቀጠኑ፣ ጢማቸው የረዘመ፣ ባዶ እግራቸውን ተጋድመው የሚውሉ ሰነፎች ተደርገው ይሣሉ ነበር።

ለመሆኑ የደቡብ ድሃ ነጭ ለምን ቀጠነ? ለምንስ ዛለ? ዶክተር ቻርልስ ስታይልስ በ1902 መልሱን ሰጥቷል። በባዶ እግር በኩል ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ የመንጠቆ ትል በደቡብ ግዛቶች ተንሰራፍቶ ነበር። ጋዜጦች «የስንፍና ተሕዋስ» ብለው ቀለዱበት። በ1909 የሮክፌለር ገንዘብ የተመደበለት ኮሚሽን ተቋቁሞ ኬንታኪን ጨምሮ በ11 ግዛቶች ሕዝቡን መርምሮ አከመ። በበቆሎ ብቻ የሚኖረውን ሕዝብ የሚያጠቃው ፔላግራም ሌላው መቅሠፍት ነበር። እንግዲህ ስንፍና ተብሎ የተሣቀበት ብዙው ነገር ደም ማነስ ነበር። ምክንያቱ ከታወቀ ከ30 ዓመት በኋላም ካርቱኑ ያንኑ ቀጭን ሰነፍ ይሥል ነበር።

ከኮረም ታሪክ ጋር አንድ አይደለምን? በሽታው ይድናል፣ ረሃቡ ያልፋል፣ ሥዕሉ ይቀራል። ከወንዝ ማዶ ካለው ጎረቤታችን ጋር በቆዳ ቀለምም በቋንቋም አንገናኝም። አያቱ በቀጭን መስመር ተሥሎ እንደ ተሳቀበት ካወቅን ግን የምንነጋገርበት ነገር አለን። ልጁ በልጃችን ላይ «ማርቪን» ብሎ ሲስቅ፣ ከስድብ ይልቅ ይህን ታሪክ ብንነግረው ይሻላል።

መዝገቡ እዚሁ ነው

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለ። መነሻው በ1977 የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የነበረው ስመ ጥሩ የኮሚክ ሠዓሊ ሚልተን ካኒፍ የሰጠው የሥራ ክምችት ነው። ስሙ የተሰየመለት ቢሊ አየርላንድ ከ1898 እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ለኮለምበስ ዲስፓች ጋዜጣ የሣለ ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከ300 ሺህ በላይ የእጅ ሥዕሎችና 2.5 ሚሊዮን ያህል ከጋዜጣ የተቆረጡ የካርቱን ገጾች አሉት። ከ2013 ጀምሮ የሚገኘው በሱሊቫንት አዳራሽ ነው፤ ፍራንክሊንተንን የመሠረተው ቤተሰብ ስም መሆኑ ነው። ለመግባት ገንዘብ አይጠየቅም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በዚያ ዓይነት መዝገብ ውስጥ የምንገኘው በአብዛኛው ሌሎች እንደ ሣሉን ነው። እኛ የሣልነውስ? በስደት የወጡት ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ስንት የካርቱን ሥዕል ወጥቶ ነበር! ስንቱ የእንጀራ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ! የዚህ ገጽ አዘጋጆች በጋዜጠኝነት ያሳለፍናቸው ዓመታት ያስተማሩን ነገር ቢኖር፣ ያልተቀመጠ ጋዜጣ እንዳልተጻፈ መቆጠሩን ነው።

ስም ከመቃብር በላይ

የራሳችን ሰዎች ያሳዩትን መንገድ ሳንጠቅስ አናልፍም። ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ በ1974 የወሎን ረሃብ ሰለባዎች በሸራ ላይ ሥሏል። ረሃቡን አልሸሸገም፤ ገላቸው ቀጭን ነው። ነገር ግን የሣለው የአገሩን ሰው ነው፤ ተመልካቹም የሚያየው የራሱን ወገን ነው። እዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ የሚስቅ አይገኝም።

በ2005 በአዲስ አበባ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም ባለ ታሪኳ ቀጭኔ ናት። አንገቷ ረጅም፣ ገላዋ ቀጭን ነው፤ የአገራችን ሕፃናት ግን በአማርኛ ስትናገር፣ ስትጠይቅ፣ ስትማር ነው የሚያውቋት። በ2008 የጃፓን ሽልማት አግኝታለች። በ2018 ደግሞ በሰራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያዊ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሱፐርማን ኢትዮጵያ ከገባ ከ32 ዓመት በኋላ ጀግናው ከአዲስ አበባ ተነሣ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የብርሃን ወልዱን ታሪክ ለልጆቻችን እንንገር። በ1984 መቀሌ አጠገብ በነበረ መጠለያ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርቷታል የተባለች ሕፃን በካናዳ ቴሌቪዥን ተቀርጻ ነበር። ያ ፊት በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ ለዓለም ታየ። ስም አልነበረውም፤ «ኢትዮጵያ» ብቻ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 2005 በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው «ላይቭ ኤይት» ያቺ ሕፃን አድጋ፣ የግብርና ተማሪ ሆና፣ በእግሯ ወደ መድረክ ወጣች። ያን ጊዜ ዓለም ስሟን ሰማ። ማርቪን ግን በካርቱኑ ውስጥ አላደገም፤ ካርቱን አያረጅም፣ አይማርም፣ አያገባም። ብርሃን ግን አደገች።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችሁ በቴሌቪዥን ወይም በስልካቸው አንድ ከልክ በላይ የቀጠነ ሥዕል አይተው ቢስቁ ወይም ቢያፍሩ፣ አትቆጡ፣ ማሽኑንም አትዝጉ። አብራችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ይህ ሰው ስሙ ማነው? ማን አቀጠነው? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ? ሠዓሊው ሦስቱንም ከመለሰ፣ ገላውን የፈለገውን ያህል ቢያቀጥነው ሰው ሥሏል። አንዱንም ካልመለሰ፣ መልሱን ከእናንተ ይስሙ። ከ77ቱ ዘመን የተረፉ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የመንደራቸውን ስም፣ የሞቱባቸውን ስም፣ ውኃ የሰጣቸውን ሰው ስም ያውቃሉ። ሳያልፉ እንጠይቃቸው። ልጆችም ይሣሉት። ፍራንክሊንተን በዌስት ሪች ጎዳና ቁጥር 400 ያለው የድሮ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ከ2010ዎቹ ጀምሮ የሠዓልያን መሥሪያ ሆኗል፤ ብሩሽ የያዘ ልጅ ወስዶ ለማሳየት ሩቅ አይደለም። ቤታችሁ የተቀመጠ የቆየ የስደት ጋዜጣም ካለ አትጣሉት፤ ካርቱኑን ከነቀኑ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ከሥዕልም በላይ ይዋል።

ቸር ይግጠመን።